የአማቴ ጥፊ በመቶ ሃያ ፍሬም

አማቴ በሕይወታቸው ሰው መትተው አያውቁም ነበር። መተዳደሪያቸው ግን ጥፊ ነበር።

በየሳምንቱ በሚተላለፈው ድራማ ላይ ሀብታሙን ነጋዴ ሆነው የሚተውኑት እሳቸው ናቸው። ነጋዴው በየክፍሉ ቢያንስ አንድ ሰው በጥፊ ያጮላል፤ ሾፌሩን፣ ዘበኛውን፣ የወንድሙን ልጅ፣ አንዴም የባንክ ሥራ አስኪያጅ። ተመልካቹ ታሪኩ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ከረሳው ቆይቷል፤ ጥፊዋን ግን ይጠብቃል። መንገድ ላይ ሲያዩአቸው «መብረቁ መጡ» ይባላል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ሳብ ያደርጋሉ። ሰውየው ግን እቤት ውስጥ ዝንብ እንኳ መስኮት ከፍተው የሚሸኙ ናቸው።

ዘዴያቸው እንዲህ ነው። መዳፋቸው ከተመቺው ጉንጭ አንድ ጣት ያህል ርቆ ያልፋል። ተመቺው አንገቱን ይጥላል። የድምፅ ባለሙያው ጥግ ላይ ቆሞ ሁለት የቆዳ ነጠላ ጫማዎች እርስ በርስ ያጋጫል። ካሜራው በሰከንድ ሃያ አራት ሥዕል ነው የሚያነሳው፤ በአንዱና በሚቀጥለው ሥዕል መሀል የአማቴ እጅ መጥቶ ሄዷል። ዓይን ያላየውን ጆሮ ይሞላለታል። የአማቴ ኑሮ በሙሉ፣ ግቢያቸው፣ የልጆቻቸው ትምህርት፣ የእኛ ሰርግ ጭምር የቆመው በሁለት ሥዕሎች መሀል ባለችው በዚያች ክፍተት ላይ ነበር።

እኔ የድራማው ካሜራማን ነኝ። ልጃቸው የአልባሳት ክፍል ኃላፊ ነበረች፤ እዚያው ተዋውቀን ተጋባን። እሳቸው ነገሩን ብዙም አልወደዱትም። «ከመሣሪያ ኋላ ተደብቆ ሰው የሚያይ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለው ነበር አሉ። ከተጋባን ስንት ዓመት አልፎንም ሥራ ቦታም እቤትም የሚጠሩኝ «ሙሽራው» ብለው ነበር። የምንኖረው በግቢያቸው ከኋላ ባለችው ክፍል ስለሆነ እራት አብረን እንበላለን። እኔ አንድ ነገር ባበላሸሁ ቁጥር፣ ብርጭቆ ብሰብርም ስለ ኳስ ያላወቅሁትን ብናገርም፣ ቀኝ መዳፋቸውን ከፍ አድርገው ያሳዩኝና «ላንተ ያስቀመጥኳት አንዲት አለች» ይሉ ነበር። ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ወንበሬን ትንሽ ራቅ አድርጌ።

ጣጣው የመጣው ድራማውን ስፖንሰር የሚያደርግ የቴሌቪዥን አስመጪ ሲገኝ ነው። ሰውየው በሰከንድ መቶ ሃያ ፍሬም፣ ማለትም መቶ ሃያ ሥዕል፣ የሚያሳዩ ትልልቅ ስክሪኖች አስመጥቶ ነበር። ችግሩ፣ በመቶ ሃያ ፍሬም የተቀረጸ የሚታይ ነገር አልነበረም። ስለዚህ አዲስ ካሜራ ገዛልንና «ድራማችሁን በዚህ ቅረጹልኝ» አለ። እኔ ካሜራውን ስቀበል ከደስታ ብዛት ሳጥኑን ራሱ ለመጣል አሳሳኝ። ዳይሬክተራችን ደግሞ አጭር ሥልጠና ወስዶ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ «እውነት» የምትለዋን ቃል ሳይጨምር ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃተው።

«ሃያ አራት ፍሬም ማለት» አለ ሁላችንንም ሰብስቦ፣ «በየሰከንዱ ዘጠና ስድስት ጊዜ ለተመልካች መዋሸት ማለት ነው።»

የመብራት ባለሙያው በጣቱ ሲያሰላ አየሁት። ሒሳቡ ልክ ሆኖበት ጣቶቹን ሰበሰበ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ስቱዲዮ ውስጥ በተተከለልን ስክሪን ላይ ተሰብስበን አየን። እውነት መጣች፤ ችግሩ ሁሉንም ይዛ መምጣቷ ነው። የነጋዴው ቪላ ዕብነ በረድ ቀለም የተቀባ ጣውላ መሆኑ ታወቀ። በሩ በተዘጋ ቁጥር ግድግዳው ይተነፍሳል። የዘበኛው ጢም በግራ በኩል ሙጫው ለቋል። በነጭ አንሶላ የተሸፈነው ሟች ከነሕይወቱ ነው። ለዚህ ሁሉ መላ ተገኘለት፤ ግድግዳው ድጋፍ ተደረገለት፣ ጢሙ ተለወጠ፣ ሟቹም ትንፋሹን እንዲይዝ ተነገረው።

ከዚያ ጥፊው መጣ። የአማቴ መዳፍ አምስቱም ጣቶች አንድ በአንድ እየታዩ መጣ፣ በሾፌሩ ጉንጭ ፊት አለፈ፣ ሄደ። በመዳፉና በጉንጩ መሀል ከኋላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰዓት ታየ። ስንት ሰዓት እንደሆነም ይነበብ ነበር።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሾፌሩን የሚጫወተው ተዋናይ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አማቴ አልሳቁም። ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንስተው ጭንቅላታቸው ላይ አደረጉ፣ መልሰው አወለቁ። በዚያች ደቂቃ ሰውነታቸው ያነሰ መሰለኝና አንጀቴን በሉኝ።

«ጋሼ» አለ ዳይሬክተሩ፣ «እንግዲህ ከአሁን በኋላ የእውነት መምታት ነው።»

«ማንን?»

«ሾፌሩን።»

«ምን አደረገኝ?»

«ስክሪፕቱ ላይ መኪናዎን አጋጭቷል እኮ።»

«እሱ የነጋዴው መኪና ነው። እኔን ምን አደረገኝ?»

ዳይሬክተሩ ትዕግሥቱን ሰብስቦ፣ ካልሆነ ደራሲው ሌላ መላ እንዳለው ነገራቸው። ነጋዴው በድንገት ይታመማል። ቀኝ እጁ ሽባ ይሆናል። ሁለት ክፍል ያህል አልጋ ላይ ይተኛል፣ ከዚያ በክብር ይቀበራል። በክብር የምትለዋን ጠበቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

ማታ ባለቤቴ ክፍላችን ውስጥ ልብስ እያጣጠፈች «አባዬ ሥራ ከፈታ ቤቱን ያፈርሰዋል» አለች። «ቀረጻ ተቋርጦ የከረመ ጊዜ ደህናውን ቧንቧ እየፈታ ሲገጥም አልነበር? ሾፌሩስ ምን አለ?»

«የፈረምኩት ለውሸት ጥፊ ነው አለ። ዘበኛው ደግሞ ደም ግፊት አለብኝ አለ።»

«ካሜራው ይምጣ ብሎ ያጨበጨበው ማነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ጉንጩንም አንተው አምጣ» አለችና ሸሚዜን አጥፋ ከላይ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ጠዋት ለአማቴ ነገርኳቸው። ልብስ ሰፊ ጨርቅ እንደሚያይ ጉንጬን አዩት።

«አንተን?»

«እኔን፣ ጋሼ።»

«ልጅቷስ ምን ትላለች?»

«እሷው ናት የላከችኝ።»

ከዚያም «መቼም ባዳ ከመምታት የቤት ሰው ይሻላል» አሉ። «ይቅርታ ለመጠየቅም ቅርብ ነህ።» መዳፋቸውን ግን እንደወትሮው ከፍ አድርገው አላሳዩኝም። እኔ ይህን በክፉ ተረጎምኩት፤ ያስቀመጧት በመጨረሻ ቀኗ ደርሶ ዝም ያሉ ነው የመሰለኝ።

የቀረጻው ቀን ደራሲው በሾፌሩ ፋንታ በጥፊ እንዲመታ የጻፈልኝን ውኃ ቆጣሪ አንባቢ ሆኜ ገባሁ። ካሜራውን የመብራት ባለሙያው ያዘልኝ። የድምፅ ባለሙያው ዛሬ ጫማ ማጋጨት እንደሌለ፣ ድምፁ ከራሱ ከጉንጬ እንደሚወሰድ ተነገረው። ዳይሬክተሩ «እውነት!» ብሎ ጮኸ፤ ከሥልጠናው ወዲህ «ጀምር» ማለት ትቷል።

አማቴ ፊት ቆምኩ። ነጋዴው ተቆጣ፣ ትከሻው ሰፋ፣ ክንዱ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ነፋስ መጣ፣ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ወለሉ ላይ ነበርኩ። ጉንጬ እሳት ሆኗል። ዳይሬክተሩ ከወለሉ አንስቶ አቀፈኝ። ሰዎች ውኃ አመጡልኝ። የድምፅ ባለሙያው እጆቹን ከጀርባው አድርጎ ጣራ ጣራውን ያያል፤ ያኔ ልብ አላልኩትም። አማቴ ወጥተው ሄዱ።

እቤት ባለቤቴ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ፎጣ ጉንጬ ላይ አደረገችልኝ። «እጁ ይህን ያህል ከባድ ነው እንዴ?» አለች። «እንደ ድንጋይ» አልኳት፤ ጀግንነትም ተሰማኝ። እራት ላይ አማቴ ምግብ አልነኩም። ቀኝ እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ደብቀው ተቀመጡ፤ በኋላም በሳሙና ሲታጠቡ፣ ደግመው ሲታጠቡ ሰማኋቸው። ለእኔ ማዘናቸው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ምስሉን የማቀናብረው እኔ ነኝ። በማግስቱ ስቱዲዮ ገብቼ ጥፊውን ፍሬም በፍሬም ከፈትኩት። ሦስት ጊዜ አየሁት፤ አንዴ ማመን ስላቃተኝ፣ ሁለቴ ደግሞ ስላፈርኩ።

የአማቴ እጅ ገና ከወገባቸው ሳይነሳ አፌ ተከፍቷል። እጃቸው ትከሻቸው ላይ ሲደርስ ጉልበቴ ታጥፏል። መዳፋቸው ጉንጬ የነበረበት ቦታ ሲደርስ ጉንጬ እዚያ የለም፤ ወደ ወለሉ ጉዞ ጀምሯል። መዳፉ አየር መትቶ አለፈ። ጧ ያለው የጫማ ድምፅ ነበር፤ የድምፅ ባለሙያው ስንት ዓመት የለመደ እጁ አላስችለው ብሎ አጋጭቶታል። የተቃጠለው ጉንጬም ከድንጋጤ በቀር የነካው ነገር የለም።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር። የአማቴ ዓይን ተጨፍኗል። መዳፉ ወደ እኔ ሲዞር ይጨፍናሉ፣ ካለፈ በኋላ ይከፍታሉ። ስለዚህ እሳቸውም አያውቁም። የሰማሁትን ሰምተው፣ ወለሉ ላይ ወድቄ አይተው፣ የልጃቸውን ባል የመቱ መስሏቸው ነው እራት የተዉት።

ይህንን እንዳለ ካሳየሁት ጥፊው የውሸት ነው፤ አማቴ ወደ አልጋው፣ ከዚያም ወደ መቃብሩ። ስለዚህ መላ መታሁ። ጥፊው ባለበት ቦታ ብቻ ከየአምስቱ ፍሬም አራቱን አወጣሁ፣ የቀረውን ትንሽ አደበዘዝኩት። ሃያ አራቱ ተመልሶ መጣ። በክፍተቷ ውስጥ የእኔም ፍርሃት፣ የሰውየውም ዓይን፣ የግድግዳውም ሰዓት ገብተው ጠፉ። ጥፊው እሳት የላሰ ጥፊ ሆነ።

አስመጪው በመደብሩ ባዘጋጀው ምርቃት ላይ በግድግዳው ሙሉ የተደረደሩት ስክሪኖች ሁሉ አንድ ላይ አጮሉኝ። ሰው ትንፋሹን ዋጠ። አስመጪው ማይክራፎን ይዞ «ይህ ነው መቶ ሃያ ፍሬም! ሕመሙ ራሱ ይታያል» አለ። ዳይሬክተሩ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አያችሁ፣ እውነት ሌላ ነው» አለ። ሌላ መሆኗን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አማቴ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ስክሪኑን ትተው ጫማቸውን ያዩ ነበር። ስንወጣ አንዲት ሴትዮ ልትጨብጣቸው እጇን ብትዘረጋ፣ የግራቸውን ሰጧት።

በዚያው ሳምንት ሌላ ጥፊ ታዘዘ፤ ቆጣሪ አንባቢው ተመልሶ ይመጣል ተባለ፣ ተመልካች ወዶታልና። አማቴ ማታ በረንዳው ላይ ጠሩኝ።

«ሙሽራው፣ እኔ በቃኝ» አሉ። «ስንት ዘመን በዚህ እጅ ማንንም ሳልነካ ኖሬ፣ ካልጠፋ ሰው ያንተን ፊት መታሁበት። ተመልካቹ ውሸት ሲያይ የኖረ ይመስለዋል። እኔ ግን ሌሊት ስተኛ እጄ ንጹሕ መሆኑን አውቃለሁ፤ በሱ ነበር የምኖረው። አሁን ምን ልበል?»

አላስቻለኝም። በማግስቱ ወደ ማቀናበሪያ ክፍሉ ወሰድኳቸውና ያወጣኋቸውን ፍሬሞች መልሼ አሳየኋቸው፣ አንድ በአንድ።

«አልነካሁህም» አሉ።

«አልነኩኝም።»

ፊታቸው ሲበራ አየሁ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «ግን ወድቀሃል።»

«ወድቄያለሁ።»

«ገና እጄን ሳላነሳ።» ወደ ኋላ እንድመልስላቸው አዘዙኝ። መለስኩ። የተከፈተውን አፌን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይህን ያህል ትፈራኛለህ እንዴ?»

«ያስቀመጥኳት አለች ይሉኝ የለ፣ ጋሼ።»

«እሱማ ጨዋታ ነው።»

«እኔስ ስስቅ አልነበር?»

 ከዚያ የራሳቸውን ፊት አዩና ግንባራቸው ተቋጠረ። «ዓይኔን ጨፍኛለሁ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም።»

«እጅዎ ያለ ዓይን ያውቃል ማለት ነው» አልኳቸው። ውዳሴ ነበር፤ አምኜበትም ነው። እሳቸውም አመኑት። የሙያ ኩራታቸው ተመልሶ ትከሻቸው ላይ ሲወጣ አየሁት።

«በል እንግዲያው» አሉ፣ «ያንተን ዘዴ ለማንም አናወራም። የነጋዴውን ልብስ ለብሼ እስካደረግሁት ድረስ ውሸት አይባልም። አንተ ግን እንዲህ አትውደቅ፤ ያሳፍራል። ቁም። ፊትህን ስጠኝ። መዳፌ ካለፈ በኋላ አንገትህን ጣል። እኔን እመነኝ፤ ሰምተሃል?»

«አምኜዎታለሁ» አልኩ። የዚያን ዕለት እራት ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ፤ ወንበሬንም አላራቅሁም።

የሁለተኛው ቀረጻ ቀን ልቤ ሙሉ ነበር። ዳይሬክተሩ «እውነት!» አለ። ነጋዴው ተቆጣ፣ ክንዱ ወደ ኋላ ሄደ። አፌን ገጥሜ፣ ጉልበቴን አቅንቼ፣ ጉንጬን ሰጥቼ ቆምኩ። እጃቸው ከወገብ ተነሳ፤ አልተንቀሳቀስኩም። ትከሻ ላይ ደረሰ፤ አልተንቀሳቀስኩም። ያኔ ዓይናቸው ተጨፈነ። በዚያች ግማሽ ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ። ባለፈው ያተረፈን የሳቸው እጅ አልነበረም። የእኔ ፍርሃት ነበር።

መዳፉ ሙሉ በሙሉ አረፈብኝ። የመጀመሪያው ጥፊያቸው ነበርና ልክ አያውቅም፤ ጆሮዬም አልቀረ፣ ጥርሴም አልቀረ።

ዓይናቸውን ሲከፍቱ እጃቸው ገና ጉንጬ ላይ ነበር። አላነሱትም። ሁለተኛው እጃቸውም መጣና ፊቴን በሁለት መዳፋቸው ያዙት።

«ልጄ» አሉ። «ልጄ፣ መታሁህ እንዴ?»

«አቁም!» አለ ዳይሬክተሩ። «ጋሼ፣ ልጄ የምትል ቃል ስክሪፕቱ ላይ የለችም።»

ስክሪኑ ላይ አየነው። በመቶ ሃያ ፍሬም፣ አንድም ሳይወጣ። ጉንጬ እንደ ሊጥ ተገፍቶ ወደ አፍንጫዬ ሄደ፣ ከንፈሬ ተጣሞ የሳቅሁ አስመሰለኝ። ድምፁም እርጥብ ጨርቅ ወለል ላይ የወደቀ ያህል ነበር። ዳይሬክተሩ ራሱን ነቀነቀ።

«አይሆንም» አለ። «የውሸት ይመስላል። የባለፈው ነው እውነቱ፤ እንደ ባለፈው አድርጉልኝ። ድጋሚ።»

አማቴ የነጋዴውን ኮት ቀስ ብለው አወለቁ፣ አጥፈው ወንበሩ ላይ አደረጉ። «ለደራሲው ንገረው» አሉ፣ «ቀኝ እጄን ሽባ ያድርገው።»

እንዳሉት ሆነ። ነጋዴው ታመመ፣ አልጋ ላይ ተኛ። መቀበሩ ግን ቀረ። አማቴ ከዚያ ቀን ወዲህ እጃቸው ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ብርድ ልብሱ ላይ ሲያርፍ አዲሱ ስክሪን እያንዳንዷን ንዝረት ያሳያል። አስመጪው ወደደው። ዳይሬክተሩም «እንዲህ ያለ ትወና አይቼ አላውቅም» እያለ ለመጣው ሁሉ ያወራል። እኔም በየሳምንቱ ከካሜራዬ ኋላ ቆሜ የማይነሳ እጅ በሰከንድ መቶ ሃያ ጊዜ እቀርጻለሁ። ከዚህስ አንዲትም ፍሬም አላወጣሁም።

እቤት «ሙሽራው» ማለት ትተዋል፤ ያስቀመጧት እንዳለችም አይናገሩም። እራት ላይ ዳቦ ሲያቀብሉኝ ግን ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ትተው በግራቸው ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን «አባዬ፣ በግራ ይሰጣል እንዴ?» ብላ ነበር። እኔ በሁለት እጄ እቀበላቸዋለሁ።